እናቴ ሲጋራ ነክታ አታውቅም፤ ታዲያ ይህ ባክቴሪያ ሳምባዋ ላይ እንዴት ከተመ?

የደምበጫዋ ልጅ (ጥቅምት 9)

እንዴት አመሻችሁ። ነገሩ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከደምበጫ ወጣ ብላ ገጠር ትኖራለች። በ1998 ዓ.ም. ሳምባ ነቀርሳ ይዟት ነበር። ያኔ ሕክምናው ስምንት ወር ይፈጅ ነበር። አንድ ቀን ሳታጓድል ጨረሰች፤ ተመርምራ ድነሻል ተባለች። ሳሉ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። ጠዋት ጠዋት አክታ አለ። ክረምት ሲገባ ይብስባታል። አክታው ይወፍራል፣ መልኩ ይለወጣል፣ ትኩሳት ይነሳባታል። ያን ጊዜ እኛ ልጆቿ ከከተማ አሞክሳሲሊን ገዝተን በሰው እጅ እንልክላታለን። ሦስት አራት ቀን ትውጥና ሲሻላት ትተወዋለች። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ብላ ሣጥኗ ውስጥ ታስቀምጣለች። ባለፈው ዓመት ብቻ አምስት ጊዜ እንዲህ አድርገናል። ትናንት ተቀምጬ ቆጠርኩት።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ግን እምቢ አላት። ባሕር ዳር ወሰድናት። ሲቲ ስካን ተነስታ ብሮንኪኤክታሲስ አለባት ተባልን። የአክታ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የመለየት ምርመራ) ተሠራላት፤ ፕሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ወጣ። ሐኪሙ «ሳምባዋ ላይ ሳይከትም አልቀረም» አለኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ብዙ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

እናቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። ቤቷ ንጹሕ ነው። ጎረቤቶቿ ግን «ከቆሻሻ የሚመጣ ነው» እያሉ ስኒ መለየት ጀምረዋል። እሷም «ምን በድዬ ነው» እያለች ታለቅሳለች። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ። ለምን እሷን? እኛስ ያጠፋነው ነገር አለ? ልጆቼ ከእሷ ጋር ቢያድሩ ይተላለፍባቸዋል?

ነርስ ከሞጣ (ጥቅምት 9)

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። አንድ ነገር በቶሎ ልጠይቅሽ። ለፕሱዶሞናስ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዞላቸዋል? ከታዘዘ፣ ከመጀመራቸው በፊት አክታቸው በጂን ኤክስፐርት ለቲቢ ታይቷል?

የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ቲቢ ይዞት የዳነ ሰው እንደገና ሊይዘው ይችላል። የሲፕሮ ዓይነት መድኃኒቶች የቲቢንም ባክቴሪያ በከፊል ያዳክማሉ። በሽተኛው ለጥቂት ሳምንት የተሻለው ይመስለዋል። ምርመራውም ቲቢውን ሊስተው ይችላል። በኋላ ብሶ ይመጣል። እኛ ጋ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው ቲቢን ነው።

የደምበጫዋ ልጅ (ጥቅምት 9)

ሲፕሮ ታዟል፣ ነገ ነው የምትጀምረው። ጂን ኤክስፐርቱ ተሠርቷል፤ ቲቢ የለም ይላል። ወረቀቱን አሁን አውጥቼ አየሁት። ተመስገን።

ትንፋሽ (ጥቅምት 10)

የሳምባ ሐኪም ነኝ። እናትሽን ስላላየኋቸው የሐኪማቸውን ቦታ ልወስድ አልችልም። ግን ማስረዳት እችላለሁ።

ከጻፍሽው ሁሉ ልቤን የነካው «ምን በድዬ ነው» ማለታቸው ነው። የበደሉት ነገር የለም። እባክሽ መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው።

ጤናማ የአየር ቧንቧ ራሱን በራሱ ያጸዳል። ውስጡ በስስ አክታ የተለበሰ ነው። ከአክታው ሥር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ሌት ተቀን እየተወዛወዙ አክታውን ከነአቧራው፣ ከነባክቴሪያው ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እኛም ሳይታወቀን እንውጠዋለን። ሁላችንም በየቀኑ ባክቴሪያ ወደ ሳምባችን እናስገባለን። ዋናው ነገር ተመልሶ መውጣቱ ነው።

እናትሽ ጋ የተበላሸው ይህ መውጫ ነው። ቲቢው ድኗል፣ ጠባሳው ግን ቀርቷል። ጠባሳው የቧንቧውን ግድግዳ እየጎተተ አስፍቶታል፤ ፀጉሮቹንም አጥፍቷል። መስኖ ያለበት አገር ያደገ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ደህና ቦይ ውኃውን ያሳልፋል። ጎርፍ የሸረሸረው ቦይ ግን ሆዱ ይሰፋል፣ ውኃው እዚያ ያቁራል። ያቆረ ውኃ ደግሞ መበላሸቱ አይቀርም። ብሮንኪኤክታሲስ ይኸው ነው።

ባቆረው አክታ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነት ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል። ሴሎቹ ባክቴሪያውን ለመግደል የሚለቁት ኬሚካል ግን የቧንቧውን ግድግዳም ይበላዋል። ግድግዳው በተጎዳ ቁጥር አክታው ይበልጥ ያቁራል። ፒተር ኮል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን እ.ኤ.አ. በ1986 «ክፉ አዙሪት» ብሎ ገልጾታል። ዛሬም የምንለፋው አዙሪቱን የቱ ጋ እንበጥሰው እያልን ነው። በነገራችን ላይ የአክታው አረንጓዴ መልክ በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚሁ ነጭ ሴሎች ነው። አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ፕሱዶሞናስ ነው አይባልም።

አሁን ወደ አሞክሳሲሊኑ ልምጣ። የተጎዳ ሳምባ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሰፍሩት ሂሞፊለስ፣ ኒሞኮከስና ሞራክሴላ የሚባሉ ናቸው። እነዚህን በተለመዱ መድኃኒቶች ማከም ይቻላል። ፕሱዶሞናስ የውኃና የእርጥብ ቦታ ባክቴሪያ ነው። የትም አለ። ጤናማ ሳምባ ላይ ግን መቀመጫ አያገኝም። አሞክሳሲሊን አይነካውም። ዶክሲሳይክሊን አይነካውም። በየቦታው በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶንም አይበቃውም። ስለዚህ አሞክሳሲሊን በተዋጠ ቁጥር የሚሞቱት ሌሎቹ ናቸው፤ ቦታው ለእሱ ይለቀቅለታል። አንዴ ከተመቸው ደግሞ ራሱን ይሸፍናል። ወንዝ ስትሻገሪ ድንጋዩ ላይ የሚያዳልጥሽ ልባስ አለ አይደል? እንደዚያ ያለ ልባስ ሠርቶ ከሥሩ ይኖራል። ባዮፊልም ይባላል። መድኃኒት እዚያ ውስጥ ዘልቆ ሁሉንም ሊገድል አይችልም።

ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧ የሚጠብበት ሥር የሰደደ የሳምባ በሽታ) ያለበት ሰው ሲብስበት ፕሱዶሞናስን መቼ እንጠርጥር ለሚለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአውሮፓ መመሪያ አለ። በቅርቡ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ፤ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ወይም ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ አንቲባዮቲክ ወስዶ ከሆነ፤ ትንፋሹ በመለኪያ ሲታይ ከሚጠበቀው 30 በመቶ በታች ከሆነ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ኪኒን በቀን ከ10 ሚሊግራም በላይ እየወሰደ ከሆነ። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ጠርጥሩ ይላል። የእናትሽ በሽታ ከሲኦፒዲ ቢለይም ምክንያቱ ይመሳሰላል። አምስት ጊዜ ነው ያልሽው። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። እናታችሁን ስለምትወዱ ነው የላካችሁላት። ግን አሁን ማቆም አለበት።

አንድ የምስራች ልጨምር። አንድ ካልቸር ብቻውን «ከትሟል» አያሰኝም። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ቢያንስ ሦስት ወር በተራራቁ ሁለት ምርመራዎች ሲገኝ ነው ሥር ሰዷል የምንለው። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለማጥፋት የሚሞከረው አሁን ነው። የታዘዘውን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ፤ ከሦስት ወር በኋላ አክታው እንደገና ይታይ።

ለልጆችሽ አትስጊ። ሳምባቸው ጤነኛ ከሆነ ይህ ባክቴሪያ አይከትምባቸውም። እናትሽ ቲቢ እንደሌለባቸው ስለታየ ስኒ መለየቱም ይቅር።

የደምበጫዋ ልጅ (ጥቅምት 10)

አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። በስልክ ሙሉውን አነበብኩላት። የቦዩ ምሳሌ ሲደርስ «እንግዲያው ቦዩን ነዋ መጥረግ» አለች።

ትንፋሽ (ጥቅምት 10)

እናትሽ ከብዙ ተማሪዎቼ በፊት ገብቷቸዋል። ሕክምናው እሱ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ሳይበሉ፣ ተቀምጠው በቀስታ ጥልቅ ትንፋሽ ሦስት አራት ጊዜ ይሳቡ። ትንሽ ያዝ ያድርጉት። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው «ሀ» እያሉ ያውጡ፣ መስታወት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው። በኃይል ማሳል አያስፈልግም። «ሀ»ው አክታውን ወደ ላይ ያመጣዋል፣ ያኔ አንዴ ሳል ብለው ይትፉት። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አክታው ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን። ደም ካዩ ግን ወዲያው ወደ ሕክምና።

የማዕድ ቤት ጢስ (ጥቅምት 11)

ሁላችሁም ሲጋራ አላጨሱም ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ልጠይቅ፦ እናትሽ እንጀራ የሚጋግሩት በምንድን ነው?

የደምበጫዋ ልጅ (ጥቅምት 11)

በጉልቻ። በባሕር ዛፍ ቅጠልና በኩበት። እኛን ያሳደገችን ደግሞ አረቄ እያወጣች ነው። ከሃያ ዓመት በላይ። ማዕድ ቤቱ መስኮት የለውም፣ ጣራው በጥላሸት ጠቁሯል። እስክትጽፊው ድረስ ከሳምባዋ ጋር አያይዤው አላውቅም።

የማዕድ ቤት ጢስ (ጥቅምት 11)

አየሽ። እኔ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ በጤና ኤክስቴንሽን ሠርቻለሁ። በየቤቱ ስገባ የሚያስሉት ሴቶቹ ናቸው። ከሴቶቹም አረቄ የሚያወጡት ይብሳሉ። እንጀራ ሁለት ሰዓት ነው፤ አረቄ ግን ቀኑን ሙሉ ነው። እሳቱ እንዳይበረታ እንዳይጠፋ ከአጠገቡ አይነሱም። የሚያስተምረን ፖስተር ላይ ሁልጊዜ ያለው ሲጋራ የያዘ ወንድ ነው። ያ ሥዕል እነዚህን እናቶች አያሳይም።

ምርጥ ምድጃ ይታወቃል። ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ ይሠራል፣ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ጢሱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ምድጃውን ስትገዢ ግድግዳውንም አስከፍቺ። ከላይ ከጣራው ሥር መውጫ፣ ከታች መግቢያ። የጭስ ማውጫ ያለው ከተገኘ የበለጠ ይሻላል። ባይገኝ ምድጃውን ከቤት አውጥቶ ዳስ ሥር ማድረግ ነው።

ትንፋሽ (ጥቅምት 11)

ልክ ነሽ፣ እኔ ነበርኩ ማንሳት የነበረብኝ። የእንጨትና የኩበት ጢስ ፀጉሮቹን ያዝላል። ባክቴሪያ እየዋጡ የሚያጠፉትን የሳምባ ሴሎችም ያደነዝዛል። በቲቢ ጠባሳ ላይ ጢስ ሲጨመር አንዱ ሌላውን ያብሰዋል።

ከዳንግላ (ጥቅምት 12)

እኔም ስለ አባቴ ልጠይቅ። አዊ ውስጥ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለን ከሰል እናከስላለን። አባቴ ዕድሜ ልኩን ከከሰሉ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ሲኦፒዲ አለበት ተብሏል። የሚነፋ ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ተሰጥቶታል። ከዚያ ሌላ ትንፋሽ ሲያጥረው ፕሬድኒሶሎን ኪኒን ከፋርማሲ እንገዛለታለን፣ ወዲያው ይሻለዋል። አሁን ግን በየወሩ ሆነ። ይህም ባክቴሪያውን ይጠራል ማለት ነው?

ትንፋሽ (ጥቅምት 12)

አዎ። ወንድሜ፣ ፕሬድኒሶሎን ሲብስ ለጥቂት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ቀን፣ በሐኪም ሲታዘዝ ይጠቅማል። በየወሩ ሲደጋገም ግን የሰውነትን መከላከያ ያላላል፣ ስኳር ያነሳል፣ ጡንቻም ያመነምናል። የጡንቻው መመንመን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደረቱ የደከመ ሰው አክታውን ማውጣት ያቅተዋል።

ግን እባክህ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወስደው ከቆየ በአንድ ቀን አታስቁመው። ሰውነቱ የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ትቶ ሊሆን ስለሚችል በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ሐኪም ቀስ በቀስ ያወርድለት።

ፓፉም ቢሆን ያለ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። ቶርች የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ከ6,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የሲኦፒዲ ጥናት የሚነፋ ስቴሮይድ የወሰዱት ላይ የሳምባ ምች በዝቶ አግኝቷል። በሌላ በኩል ደጋግሞ ለሚብስበት ሰው፣ አስምም ለተቀላቀለበት ሰው ይጠቅማል። ለአባትህ የቱ እንደሚያመዝን የሚያየው ሐኪሙ ነው። እስከዚያ ድረስ ከነፋ በኋላ አፉን በውኃ ተጉመጥሙጦ ይትፋ።

ባለ መድኃኒቱ (ጥቅምት 13)

የገጠር ከተማ ፋርማሲ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ውይይት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አሞክሳሲሊን ለእናቴ» እያሉ የመጡ ልጆችን አስታውሳለሁ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ከሩቅ መጥቷል፣ ባዶ እጁን መመለስ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ሰጥቻለሁ። ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን እጠይቃለሁ። በዓመት ሦስተኛ ጊዜ ያለኝን ሰው አክታህን አስመርምር ብዬ ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ሌላ ፋርማሲ ይሄዳል።

እኅቴ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የተረፈ ኪኒን ሰብስበሽ ወደ ፋርማሲ መልሺው። ቀኑ ያለፈበትም፣ ያላለፈበትም።

ጥያቄ አለኝ (ጥቅምት 13)

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ባክቴሪያው ሳምባ ላይ እንዳለ ከታወቀ ለምን ጠንከር ያለ መድኃኒት በየጊዜው አይሰጥም?

ትንፋሽ (ጥቅምት 13)

በየጊዜው ከሰጠነው የሚተርፈው የማይሞተው ነው። ቀጥሎ የምንሰጠው አይኖረንም። ለፕሱዶሞናስ በአፍ የሚወሰደው እነ ሲፕሮ ብቻ ናቸው። እሱን ካበላሸነው ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ መታከም ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የምናክመው ሰውየውን አይተን ነው፦ አክታው ከወትሮው ሲበዛ፣ መልኩ ሲለወጥ፣ ትንፋሹ ሲያጥር።

በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያገረሽባቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ አዚትሮማይሲን በሳምንት ሦስት ቀን ለወራት የሚሰጥበት አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከኒውዚላንድ የወጣ ጥናት ማገርሸቱን እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን ጆሮና የልብ ምት መታየት አለበት። የቲቢ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ባክቴሪያዎችም እንደሌሉ መረጋገጥ አለበት። ከፋርማሲ ገዝቶ የሚጀመር ነገር አይደለም።

መሪጌታ (ጥቅምት 14)

ልጄ፣ እናትሽ ከስተዋል? እኔም በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለሁ ቲቢ ይዞኝ ነበር። በአንዲት ጎጆ ብዙ ሆነን፣ መሀል እሳት አንድደን ነበር የምናድረው። እስከ ዛሬ ያስለኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ጾም ነው። እናቶቻችን ታመውም ይጾማሉ። ሐኪሜ ክብደትህ ከወረደ ሳምባህ አቅም ያጣል ብሎ ሲነግረኝ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ለታመመ ይፈቀዳል አሉኝ። እናትሽም ይጠይቁ። እምቢ፣ እጾማለሁ ካሉ ደግሞ በጾሙ ሽሮው ይወፍር፣ ምስር፣ ባቄላ፣ በሶ፣ ሱፍና ሰሊጥ አይጥፋ። ጸበሉንም ይጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው።

የደምበጫዋ ልጅ (ጥቅምት 14)

ከስታለች መሪጌታ። 43 ኪሎ ናት። ለንስሐ አባቷ ራሴ እደውላለሁ።

ነርስ ከሞጣ (ጥቅምት 15)

ሁለት ነገር ልጨምር። ማታ በልተው ወዲያው አይተኙ። ቃር ያለበት ሰው በእንቅልፉ ከጨጓራው የወጣው ወደ ሳምባው ሊሰርግ ይችላል። ደግሞ ቤት ውስጥ ኔቡላይዘር (መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍስ መሣሪያ) ያላችሁ ሰዎች፣ ኩባያውንና ጭምብሉን ከተጠቀማችሁ በኋላ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ እንደየዕቃው መመሪያም ቀቅሉ። እርጥብ ሆኖ ካደረ ፕሱዶሞናስ የሚወደው ዓይነት ቦታ ነው።

የደምበጫዋ ልጅ (ጥር 28)

ተመልሻለሁ። ጠይቃችሁኝ ለነበራችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሲፕሮውን 14 ቀን ሙሉ ወሰደች። እኔ ራሴ በየማታው እየደወልኩ አስዋጥኳት። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው ካልቸር መጣ። ፕሱዶሞናስ አልወጣም። ሂሞፊለስ ወጥቷል። ሐኪሙ ደህና ስለሆነች ምንም አላዘዘም። እውነቱን ልናገር፣ ባክቴሪያ አለ ተብሎ ባዶ እጅ መመለስ ከበደኝ። ይህን ውይይት መንገድ ላይ እንደገና አንብቤ ነው የተጽናናሁት።

46 ኪሎ ገብታለች። ምድጃው ከቤት ወጥቶ ዳስ ሥር ሆኗል። አረቄውን ትታለች፤ ወንድሜና እኔ በየወሩ የምንልከው ይበቃታል ብለን ተስማምተናል። «ሀ»ውን ከልጄ ጋር ነው የምትሠራው። ልጄ ለገና እዚያ ከርማ ፊደል የምታስቆጥራት ይመስላት ነበር።

ሣጥኗንም ከፈትነው። 61 ኪኒን ነበር። አሞክሳሲሊን ብቻ አይደለም፤ ስሙን የማላውቀውም ነበረበት። ሁሉንም ለፋርማሲው መለስኩ። አሁን እዚያ ውስጥ ያለው የምርመራ ወረቀቷ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ቀጣዩ የአክታ ምርመራ ሚያዝያ ላይ ነው። እንዳትንገላታ አክታውን እዚህ ተቀብዬ እኔ ባሕር ዳር ባደርሰው ይሆናል?

ነርስ ከሞጣ (ጥር 28)

አይሆንም እኅቴ። ለካልቸር የሚሰጥ አክታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ከቆየ የምራቁ ባክቴሪያ ይበዛና ውጤቱ ይዛባል። እሳቸውን ይዘሽ ሂጂ። ከዋዜማው ባሕር ዳር እደሩ። ጠዋት አፋቸውን በውኃ ብቻ ይጉመጥመጡ፣ «ሀ»ውን ይሥሩ፣ ከዚያ ከጥልቅ የመጣውን ይስጡ። ነጭ አረፋ ብቻ ከሆነ ምራቅ ነውና እንደገና ይሞክሩ። የቀደሙትን ሁለት ወረቀቶች እንዳትረሺ።